ተስፋና ዋጋው

ተስፋ ለሰው ልጅ የተሰጠ ትልቅ ሀብት መሆኑን የማያምን የለም። ገበሬ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ በመሬት ላይ የሚበትነው፥ እናት ልጇን ወደ ተማሪ ቤት የምትልከው፥ ነጋዴ ገንዘቡን በዕቃ ላይ የሚያውለው ተስፋ ስላላቸው ነው። ነገር ግን ስለ ተስፋ መልካምነት የተነገረውን ያህል ስለ ተስፋ ዋጋ አልተነገረም። ገበሬው ተስፋ የሚያደርገው በገዛ ዘሩ ነው፤ ዝናቡ ቢቀር የሚራበውም እሱ ራሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ተስፋ የሚያደርገው አንድ ሰው ሆኖ፥ ተስፋው ሳይፈጸም ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ይሆናል። በዚህን ጊዜ ተስፋ የልብ ስሜት ብቻ መሆኑ ይቀርና የፍርድና የግብረ ገብ ጉዳይ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ ለምርመራውም ምሳሌ አድርጎ የሚወስደው፥ ብዙ ሰው ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተቋቋመ አድርጎ የሚቈጥረውን የእግር ኳስ ክለብን ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይጠቅማል። መመኘት፥ ተስፋ ማድረግና ይገባኛል ማለት በአነጋገር የተቀራረቡ ቢሆኑም በፍሬ ነገራቸው የተለያዩ ናቸው። ምኞት ምክንያት አይጠየቅም፤ ሰው እንደ ወፍ መብረርን ቢመኝ የሚከለክለው የለም። ተስፋ ግን ምክንያት ይጠየቃል፤ «በምን ተማምነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ተስፋ ተመልሶ ምኞት ይሆናል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሦስተኛው፥ ይገባኛል ማለት፥ ከሁለቱም ይከብዳል፤ በሌላ ሰው ላይ ግዴታ የሚጥል ነውና። አንድ ደጋፊ «ክለቤ ዘንድሮ ዋንጫ እንዲያመጣ እመኛለሁ» ቢል ማንንም አልጎዳም። «ያመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» ቢል ምክንያቱን እንጠይቀዋለን። «ማምጣት አለበት፤ ካላመጣ አሠልጣኙ ይባረር፥ ተጫዋቹም ይሰደብ» ያለ እንደ ሆነ ግን ይህን የመፍረድ ሥልጣን ከየት እንዳገኘው ልንጠይቀው ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ የሐዋሳ ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በሐይቅ ዳር የተቈረቈረች፥ በዕድሜዋ ከብዙዎቹ ታላላቅ ከተሞቻችን የምታንስ፥ ዛሬ ግን የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ለመሆን የበቃች ናት። በመሃል ከተማ ባሉት ቡና ቤቶች ሰዎች ተሰብስበው ሲጨዋወቱ የኳስ ነገር ሳይነሣ የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። ቀድሞ አዋሳ ከነማ ይባል የነበረው፥ ዛሬ ሐዋሳ ከተማ የሚባለውና ደጋፊዎቹ «ሐይቆቹ» እያሉ የሚጠሩት ክለብ ታሪክ ያለው ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ዋንጫውን የተቀባበሉት ሁለት የአዲስ አበባ ክለቦች፥ መብራት ኃይልና ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. ግን ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሐዋሳ ገባ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. እስካሸነፈ ድረስ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሌላ ክለብ ይህን ዋንጫ አላነሣም።

ይህ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን የክብር ትዝታ እንደ አያያዙ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል። በመልካም የያዙት እንደ ሆነ «አባቶቻችን ይህን ሠርተዋል፤ እኛም መሥራት እንችላለን» እያሰኘ ልብን ያደነድናል። በክፉ የያዙት እንደ ሆነ ግን ያለፈውን ድል እንደ ቋሚ ርስት ያስቈጥርና «ይህ የእኛ ነበር፤ ማን ወሰደብን?» እያሰኘ ሌባ ያስፈልጋል። ዋንጫ ግን ርስት አይደለም፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚዘራና የሚታጨድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ የሐዋሳ ልጅ ዛሬ ራሱ ለክለቡ ሊጫወት በሚችልበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ እስከ 2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ድረስ ግን ሦስተኛው የሊግ ዋንጫ ወደ ከተማይቱ ሲገባ አላየም። ለዚህ ልጅ ያለፈው ድል ከታላላቆቹ የሰማው ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ብቻ እየመዘነ የዛሬውን ተጫዋች የሚኰንነው ከሆነ፥ ራሱ ባላየው ነገር ፈራጅ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ክለብ በምን እንደሚኖር እንመልከት። በአውሮፓ ያሉት ታላላቅ ክለቦች ከቴሌቪዥን፥ ከመግቢያ ትኬትና ከንግድ በሚገኝ ገቢ ይተዳደራሉ። በአገራችን ግን ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ሐዋሳ ከተማም ስሙ እንደሚያስረዳው የከተማው ክለብ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐር ስፖርት አማካይነት በቀጥታ መታየት መጀመራቸው ለክለቦቹ አዲስ የገቢ በር ከፍቷል። በዚያው ዓመት ግን ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ስለ ጀመረ፥ ክለቦች በገዛ ሕዝባቸው ፊት የሚጫወቱበት ጊዜ አነሰ፤ የጉዞና የማደሪያ ወጪም ተጨመረባቸው።

የተጫዋቾች ክፍያም በበኩሉ ከገቢው ጋር አልተመጣጠነም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተመካክረው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰኑት ይህ ስላሳሰባቸው ነው። ከዚያም በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ክለቦች ለክፍያ የሚያወጡትን ገንዘብ የሚገድብ መመሪያ ማውጣት አስፈልጎታል። ደንብ ከወጣ በኋላ ሌላ ደንብ ያስፈለገበትን ምክንያት የመረመረ ሰው፥ ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። የክለብ መሪ ከአቅሙ በላይ የሚያወጣው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሕዝቡን ጩኸት ስለሚፈራ ነው። በጥቅምት ወር ሦስት ጨዋታ የተሸነፈ ክለብ መሪ፥ በሚያዝያ ወር የሚከፈለውን ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ ሳያውቅ አዲስ ተጫዋች ያስፈርማል። ጩኸቱ ዛሬ ነው፤ ዕዳው ግን ነገ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ከአቅም በላይ የሆነውን ተስፋ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በመጀመሪያ የሚከፍለው ተጫዋቹ ነው። ከገጠር ወረዳ መጥቶ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ከደመወዙ ከፍሎ ለእናቱ የሚልክ ወጣት፥ ደመወዙ ሦስትና አራት ወር ሲዘገይበት በሜዳ ላይ እግሩ ይከብደዋል። ተመልካቹ ግን ይህን አያውቅምና «ሰነፍ» ይለዋል። የኳስ ተጫዋች የሥራ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለሌላው ሠራተኛ የሠላሳ ዓመት የሆነው ለእሱ የዐሥር ዓመት ያህል ነው። ከዚህ አጭር ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ማስቀረት ከሌላው ሰው ሦስት ዓመት እንደ መውሰድ ይቈጠራል። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት በሃይማኖትም፥ በሕግም፥ በልማድም ግፍ ነው፤ ለዋንጫ ሲባል የተደረገ መሆኑ ግፍነቱን አያስቀርለትም።

ሁለተኛው ከፋይ ስታዲየም ገብቶ የማያውቀው ነዋሪ ነው። የከተማ በጀት አንድ ነው። ለኳስ የወጣ ብር ለውኃ ቧንቧ፥ ለጐርፍ ማውረጃ ቦይ፥ ለተማሪ ቤት ወንበር አይወጣም። ይህን ማለት ለኳስ ምንም አይውጣ ማለት አይደለም፤ ከተማ በእንጀራ ብቻ አይኖርምና። ነገር ግን ከሕዝብ ግብር የሚወጣ ገንዘብ በልክና በግልጽ መውጣት አለበት። ጉሊት ላይ ጎመን ሸጣ ግብር የምትከፍል ሴት በክለቡ ላይ ከደጋፊው ያላነሰ መብት አላት፤ የተጫዋቾቹን ስም ባታውቅም እንኳ።

ሦስተኛው ከፋይ ራሱ ክለቡ፥ ማለት ነገ የሚመጣው የክለቡ ትውልድ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ ከቅርብም ከሩቅም አለ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የተጫዋቾቹ የደመወዝ አቤቱታ በየጊዜው ሲሰማ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። በእንግሊዝ አገር ሊድስ ዩናይትድ የተባለው ክለብ ገና ያላገኘውን የአውሮፓ ውድድር ገቢ እንዳገኘው ቈጥሮ ብዙ ገንዘብ ተበደረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ በ2004 ከዋናው ሊግ ወረደ፤ በ2007 ደግሞ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ዝቅ አለ። ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው ከ16 ዓመት በኋላ በ2020 ነው። ለአንድ ዓመት ደስታ የተከፈለው ዋጋ የአንድ ትውልድ ልጅነት ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳንመልስለት ማለፍ አይገባም። «ይህ የፈሪ ምክር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። «በ1996 ዓ.ም. አዋሳ ከነማ አቅሙን አይቶ በልኩ ተስፋ ቢያደርግ ኖሮ ሁለቱን የአዲስ አበባ ታላላቆች ለመብለጥ ባልተነሣ ነበር። ሰው ከአቅሙ በላይ ካላሰበ አቅሙ አያድግም። ደጋፊ ተስፋውን ከቀነሰ ተጫዋቹ ድካሙን ይቀንሳል፤ መሪውም ስንፍናውን በድህነት ይሸፍናል።» ይህ ንግግር እውነትነት አለው፤ በተለይ የመጨረሻው ቃል። «ገንዘብ የለንም» የሚለው ምክንያት ለስንቱ ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ እንዳገለገለ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነው።

ሆኖም ተቃዋሚው ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ቈጥሯል፤ ድካምንና ወጪን። የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል ጀግንነት በፍርሃትና ያለ መጠን በመድፈር መካከል የሚገኝ መሆኑን አስተምሯል። ጀግና የሚባለው አደጋውን አውቆ ለሚገባ ነገር የሚቆም እንጂ አደጋውን ሳያይ የሚዘል አይደለም። በክለብም ነገር እንዲሁ ነው። ከአቅም በላይ መድከም ጀግንነት ነው፤ የሚደክመው ሰው የሚሰጠው የራሱን ላብ ነውና። ከአቅም በላይ ማውጣት ግን ያለ መጠን መድፈር ነው፤ የሚያወጣው የሌላውን ገንዘብ ነውና። የ1996 ዓ.ም. ዋንጫ የሚያስተምረን ከሁለቱ ታላላቅ ክለቦች ውጭ ያለ ቡድንም መብለጥ እንደሚችል ነው። ለመብለጥ ሲባል የልጆቹ ደመወዝ ይቅር የሚል ትምህርት ግን በውስጡ የለም።

እንዲያውም ችግር በመልካም የተያዘ እንደ ሆነ ክለብን ወደ ዋና ሥራው ይመልሰዋል። የጀርመኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ እ.ኤ.አ. በ1997 የአውሮፓ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ከገቢው በላይ እያወጣ በ2005 ሊከስር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ወጪውን ቈርጦ በወጣቶች ላይ ተማመነ፤ ዓመታትም ከወሰደ በኋላ በ2011ና በ2012 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። እርግጥ ነው፤ ዶርትሙንድ ያለው ሰፊ ስታዲየምና የቴሌቪዥን ገቢ ለእኛ ክለቦች የለም። ለሐዋሳ ግን ከሩቅ መበደር የማያስፈልገው የራሱ ሀብት አለው፤ ይኸውም ልጆቹ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት ጊዜ፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፥ የዋንጫው ባለቤት በነበረችው በዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ በሐዋሳም ክለብ ተጫውቷል። ለብዙ ዓመታት በግብፅ ሊግ የተጫወተው ሽመልስ በቀለም ከዚሁ ከተማና ከዚሁ ክለብ የተነሣ ነው። ሁለቱም ከሐዋሳ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደዋል። ይህን አንዳንድ ደጋፊ እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል፤ እኔ ግን ክለቡ ከሁለቱ ዋንጫዎች ጋር አብሮ ሊቈጥረው የሚገባ ሥራ ነው እላለሁ። ዋንጫው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ግን ለአገር አገልግለዋል።

ታዲያ በችግር ጊዜ ከክለብ ምን መጠበቅ ይገባል? ትንሽ ነገር መጠበቅ ይገባል የሚል መልስ አልሰጥም፤ ትክክለኛውን ነገር እንጠብቅ እላለሁ። ዋንጫ ከክለቡ ሥልጣን ውጭ ነው፤ በተቃራኒው ቡድን፥ በዳኛ፥ በጉዳት፥ በዕድል ይወሰናል። በክለቡ ሥልጣን ውስጥ ያሉ ነገሮች ግን አሉ፤ እነዚህን «ይገባናል» ብሎ መጠየቅ የደጋፊ መብት ነው።

አንደኛ፥ ለተጫዋች የተገባው ቃል ይፈጸም። መክፈል የማይቻለውን አለመፈረም፥ የተፈረመውን ደግሞ በቀኑ መክፈል። ሁለተኛ፥ ሒሳቡ ይነገር። በዓመቱ መጀመሪያ «ዘንድሮ ያለን ይህ ነው፤ በዚህ ልንሠራ የምንችለው ይህ ነው፤ ግባችን በሊጉ መቆየት ነው» ብሎ በግልጽ የሚናገር መሪ፥ ዋንጫ አመጣለሁ ብሎ በመንፈቅ ዓመቱ አሠልጣኙን ከሚያባርር መሪ ይልቅ ሊከበር ይገባል። ሦስተኛ፥ የታዳጊዎቹ ቡድን አይነካ። ገንዘብ ባጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚቈረጠው የሚጮኽለት የሌለው ነው፤ ልጆች ደግሞ የሚጮኽላቸው የለም። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ ክረምቱን ቢያልፍም መኸሩን አያገኝም። አራተኛ፥ ማሊያውን የለበሰ ሁሉ ያለውን ኃይል ሁሉ ይስጥ። ደመወዙ በቀኑ የተከፈለው ተጫዋች ለስንፍናው የሚያቀርበው ምክንያት የለውም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ግዴታ መፈጸም የአራተኛውን ለመጠየቅ መብት ይሰጣል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ተደርጎ ክለቡ ከሊጉ ቢወርድስ?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ለሐዋሳ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። መልሴ ይህ ነው። መውረድ ሐዘን ነው፤ ነውር ግን አይደለም። ነውር የሚባለው ሰው ሊያደርገው ሲችል ያላደረገው፥ ወይም ማድረግ ሳይገባው ያደረገው ነገር ነው። ዕዳውን ከፍሎ፥ ልጆቹን አሠልጥኖ፥ በሙሉ ኃይሉ ተጫውቶ የወረደ ክለብ የሚመለስበት መንገድ አለው፤ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳልና። በዕዳ ተይዞ በሊጉ የቆየ ክለብ ግን መውረዱን ለሌላ ዓመት አስተላለፈው እንጂ አላስቀረውም፤ በመጨረሻ ሲወርድም የሚይዘው ሥር ስለማይኖረው ብዙ ይወርዳል።

ደጋፊም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በድል ጊዜ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ሠርግ ቤት እንግዳ አያጣም። ሰው የሚፈተነው በለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤቱ ሐዘን የደረሰበት ሰው ንፍሮ ይዞ፥ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ «ለምን እንዲህ ሆነብህ?» ብሎ አይሳደብም። ዕድራችን የተመሠረተው በዚህ ልማድ ላይ ነው፤ ገንዘቡም ቢሆን ጥቂት በጥቂት ከሁሉ ተሰብስቦ ነው ለክፉ ቀን የሚደርሰው። ክለቡን እንደ ዕድሩ የሚያይ ደጋፊ በችግር ጊዜ ትኬቱን ይገዛል፥ መዋጮውን ይከፍላል፥ ሒሳቡንም ይጠይቃል፤ ከፍሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በነፃ ከሚጮኸው ይልቅ ይሰማል። ክለቡ ከከተማው በጀት ጥገኝነት ቀስ በቀስ ሊላቀቅ የሚችለውም እንዲህ ያሉ አባላት ሲበዙለት ነው።

ይህ ነገር በኳስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከአቅሙ በላይ ደግሶ ልጆቹን በዕዳ የሚያሳድግ አባት፥ የማይጨርሰውን ሕንፃ መሠረት የሚጥል ባለሥልጣን፥ ልጁ በማይወደው ትምህርት አንደኛ እንዲወጣለት የሚያስጨንቅ ወላጅ፥ ሁሉም ተስፋ ያደርጋሉ፤ ተስፋቸውም በአፋቸው ሲነገር ያምራል። ከማመስገናችን በፊት ግን አንድ ነገር ብንጠይቃቸው መልካም ነው፤ ይህ ተስፋ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ «እኔ ራሴ» የሆነ ሰው የፈለገውን ያህል ተስፋ ያድርግ፤ የሚከለክለው የለም። መልሱ «ሌላ ሰው» የሆነ ግን ያንን ሰው አስቀድሞ ይጠይቀው። ሐዋሳ ሦስተኛውን ዋንጫ እንድታነሣ እኔም እመኛለሁ። ባነሣችው ጊዜ ግን በሜዳው መካከል ዋንጫውን ተሸክሞ የሚዞረው ወጣት የዚያ ወር ደመወዙን የተቀበለ እንዲሆን፥ ከምኞት አልፌ፥ ይገባዋል እላለሁ።